የሰይድ እንግሊዝኛ

መብራት ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነበር። ቆቦ ላይ መብራት ሲጠፋ ማን እንደሚጠየቅ አይታወቅም፤ እኛም መጠየቁን ከተውን ቆይተናል። ስልኬ ሞቶ ስለነበር ቻርጅ ላስደርግ ወደ ዋናው መንገድ ወጣሁ። እዚያ የባጃጅ ጎማና ዘይት የሚሸጥ፣ ጄኔሬተር ያለው አንድ ሱቅ አለ። ጉልበቴን እያባበልኩ በረንዳው ላይ ስደርስ ጄኔሬተሩ ተንደቀደቀና የቤንዚኑ ጭስ ፊቴ ላይ መጣ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ያዘ። እኔ ቆሜ ሳብኩት፤ ያውም ደጋግሜ። ሐኪሙ ከጭስ እንድርቅ ነግሮኛል። ከጨው ራቅ፣ ከስኳር ራቅ፣ ከብስጭት ራቅ ብሎኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ ከስንቱ ልራቅ? ያ ሽታ ለሌላው ሰው ቤንዚን ነው፤ ለእኔ ግን ሲኒማ ነው።

ያኔ ሲኒማ ወደ ቆቦ የሚመጣው በላንድሮቨር ተጭኖ ነበር። ከደሴ የሚነሳ አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር፤ ስሙን የጠየቀው ስለሌለ «ባለ ሲኒማው» እንደተባለ ቀረ። በዓመት ሁለቴ፣ ግፋ ቢል ሦስቴ ይመጣል፤ ጥንቅሽ በሚደርስበት ሰሞን ግን ቀርቶ አያውቅም። በቤንዚን የሚሠራ የመብራት ሞተሩን፣ ማሳያ ማሽኑንና የፊልም ጣሳዎቹን የጨው መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ያወርዳል። ዛሬ ያ ቦታ ፎቅ ሆኗል፤ ታች ባንክ ነው፣ ላይ ምን እንደሆነ ወጥቼ አላየሁም፤ ደረጃ አልወድም። መግቢያው ስሙኒ ነበር። በስሙኒ ሻይ ከነዳቦው ይገኝ ስለነበር፣ ሲኒማ የገባ ሰው ራቱን ትቶ ነው የገባው። የዛሬውን የሻይ ዋጋ አልነግራችሁም፤ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ይቀየራል። ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ለዓይን ያዝ ማድረግ ሲጀምር ግቢው ይሞላል። የቆላው ጎረምሳ ጎፈሬውን ቅቤ ቀብቶ፣ ሚዶውን ጎፈሬው ላይ ሰክቶ፣ ሽርጡን አሸርጦ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይቀመጣል። ከዋጃ በእግሩ የሚመጣም ነበር። ሁሉም ያንን ጣፋጭ የማሽላ አገዳ፣ ጥንቅሹን ይዞ ይገባል፤ በሳቁ መካከል የሚሰማው የጥንቅሽ መሰበር ነበር። ጠዋት ግቢውን የሚጠርገው ሰውዬ ሲራገም ሰፈሩ ሁሉ ይሰማው ነበር።

ፊልሞቹ ያረጁ ነበሩ። ትልልቁ ከተማ ሁሉ አይቶ ከጠገባቸው፣ ተበጣጥሰው እንደገና ከተጣበቁ በኋላ ነው እኛ ጋ የሚደርሱት። የጦርነት ፊልም አመጣ፤ ሰዉ አልወደደም፤ ጦርነት ለማየት ስሙኒ መክፈል አያስፈልግም ነበር። የፍቅር አመጣ፤ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ሰዉን በሳቅ የገደለው የጫካው ቀልድ ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ጫካው ከካርቶን የተቆረጠ፣ ንፋስ ሲነካው ዛፉ ሁሉ በአንድነት የሚወዛወዝ። አንድ ረጅምና አንድ አጭር ፈረንጅ ጆሯቸውን የሚሸፍን ባርኔጣ ደፍተው ይገባሉ። ረጅሙ ግንድ ነው ብሎ አዞ ላይ ይቀመጣል፤ አጭሩ አዞ ነው ብሎ ከግንድ ይሸሻል። ወጥመድ ይዘረጋሉ፤ ራሳቸው ይገቡበታል። ከኋላቸው ጎሬላ ይመጣል፤ እነሱ እርስ በርስ የተጠራሩ መስሏቸው እጁን ይዘው ይሄዳሉ። ፊልሙ ሲቀያየር ሰዎቹም ይቀያየራሉ እንጂ ጎሬላውና አዞው ያው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ሳቅ አይቻለሁ፤ የመጠጥም የሹመትም። እንደዚያ መሬት እየደበደበ የሚስቅ ሰው ግን አላየሁም። ምናልባት እኔ ደክሞኝ ይሆናል።

ግን ሰዉ ያን ያህል የሳቀው በፈረንጆቹ ብቻ አልነበረም፤ በሰይድ ነው። ሰይድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጓደኛዬም ነበር። የስፌት መኪናው ወደ ገበያው በሚታጠፈው ጥግ፣ በረንዳ ላይ ነበረች። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ እንደመጣሁ ደመወዜን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት እሱ ጋ ነው፤ ቤል ቦተም ሱሪ ሰፋልኝ፤ እግሩ ከመስፋቱ የተነሳ የቆቦን አቧራ ግማሹን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። «ታዴ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሊከፍልህ ይገባል» ይለኝ ነበር። ባለ ሲኒማው ፊልም የሚያሳይበትን ጨርቅ ያሰፋው ሰይድ ጋ ነበር። ሁለት ስፋት አቡጀዲ ጎን ለጎን ገጥሞ ሰፋለት፤ ስፌቱ መሐል ለመሐል ስለሚሄድ የፈረንጆቹ አፍንጫ እዚያ ሲደርስ ትንሽ ይሰበራል። የመጀመሪያው ማታ ሰይድ የጨርቁን ገመድ ይዞ ጎን ቆሞ ሳለ፣ ከሕዝቡ አንዱ «አሁን ምን እያለ ነው?» ብሎ ጮኸ። ሰይድም መለሰለት። በዚያው ተርጓሚ ሆኖ ቀረ፤ ባለ ሲኒማው የቆርቆሮ ጡሩምባ አሠራለት።

ሰይድ እንግሊዝኛ አይችልም። ቁርዓን ያነባል፣ ከአፋሮች ጋር በአፋርኛ ይከራከራል፣ ከአላማጣ ነጋዴዎች ጋር ትግርኛ ይቀላቅላል፤ እንግሊዝኛ ግን አንዲት ቃል የለውም። ዓይኑ የነገረውን ነው የሚተረጉመው። በእሱ ትርጉም ረጅሙና አጭሩ የአጎት ልጆች ናቸው፤ የጠፋች ግመል ፍለጋ ከቆቦ ተነስተው ወደ ቆላ ወርደዋል። «ነጭ ናቸው እኮ!» አለ አንዱ። «ወፍጮ ቤት አድረው ነው የወጡት» አለ ሰይድ። ጎሬላው ሲመጣ ደግሞ ልብስ ሰፊነቱ አላስቻለውም። «አትፍሩ፣ ሰው ነው» አለ፤ «ጀርባው ላይ ስፌቱ ይታየኛል። የሰፋው ሰውዬም ችኩል ነው፤ ክሩን ሳይቋጥር ነው የለቀቀው።» ከዚያ ወዲያ ጎሬላው በመጣ ቁጥር ሰዉ የሚፈልገው ስፌቱን ነበር። እኔ ከፊት ተቀምጬ የፈረንጆቹን ንግግር እሰማለሁ፤ ይገባኛልም። ስለ አልማዝና ስለ ካርታ ነው የሚያወሩት። የሰይድ ይሻል ነበር። ይህን ዛሬ ነው የምለው፤ ያኔ አላልኩም።

አንድ ማታ ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደቡ ሁለት አዳዲስ አስተማሪዎች አጠገቤ ተቀምጠዋል። ፊልሙ ላይ ረጅሙና አጭሩ በጫካው ሰዎች እጅ ወደቁ። ሰዎቹ ፊታቸው በቀለም ተዥጎርጉሯል፣ ጦር ይዘዋል፣ ከበሮ ይመታሉ። በርሜል የሚያክል ድስት ተጥዷል። ሁለቱን ፈረንጆች አንስተው ውኃው ውስጥ አስቀመጧቸው።

«እንግዳ መጣ!» አለ ሰይድ በጡሩምባው። «እነዚህ የአገሩ ባላባቶች ናቸው። ሁለቱ የአጎት ልጆች መንገድ ጎድቷቸው፣ አቧራ ለብሰው ስለደረሱ ገላቸውን ሊያጥቧቸው ነው።»

«ከነልብሳቸው?» አለ አያ እንድሪስ። ከጎሊና ወንዝ ማዶ የሚመጣ፣ ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጥ ሽማግሌ ገበሬ ነበር።

«ልብሱም ቆሽሿል አያ እንድሪስ። አንድ ላይ ይታጠብ ብለው ነው።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ማንም አልተገረመም። በእኛ አገር መንገደኛ ሲገባ ውኃ ይሞቃል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ከየት መጣህ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ድስቱ መተለቁ የባላባቶቹን ደግነት ነው ያሳየው። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም «ወላሂ፣ ደግ ሰዎች ናቸው» ስትል ሰምቻለሁ። አጠገቤ ያሉት ሁለት አስተማሪዎች ግን የሚስቁት በሌላ ነበር። «ይሄ ሰውዬ ምን ይቀባጥራል?» አለ አንዱ። ሌላው ወደኔ ዞሮ «የአገርህ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ?» አለኝ። አገሬ አሳፈረችኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ሰው በአገሩ ሲያፍር ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ተነስቼ ቆምኩ።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «ሰይድ እንግሊዝኛ አይችልም! አንዲት ቃል አይችልም! ሰዎቹ ሊያጥቧቸው አይደለም፣ ቀቅለው ሊበሏቸው ነው!»

ፊልሙ ቀጥሏል፤ የሚስቅ ግን የለም። አያ እንድሪስ ዱላውን ተደግፎ ተነሳ፤ ጥላው አቡጀዲው ላይ፣ ፈረንጆቹ ላይ አረፈ።

«አስተማሪው፣ ሰው እንግዳውን የሚበላው የት አገር ነው?»

«አፍሪካ ነው» አልኩ።

«አፍሪካ የት ነው?»

ጂኦግራፊ የማስተምረው እኔ ነኝ። ካርታውን ክፍሌ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። «እኛም… እኛም እዚያው ነን» አልኩ።

ሽማግሌው ወደ አቡጀዲው ዞረ። «ታዲያ እኛን ነው እንዲህ የሚሉን?» አለና መልስ ሳይጠብቅ ሽርጡን አጥብቆ ወጣ። እሱን ተከትሎ ሌላው፣ ሌላውን ተከትሎ ሌላው ወጣ። ሰይድ ጡሩምባውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «እኔ እኮ ታዴ፣ እንግዳ መስለውኝ ነው» አለኝ። ይህን ብቻ ነው ያለኝ።

በሚቀጥለው ጊዜ ባለ ሲኒማው ጡሩምባውን ለእኔ ሰጠኝ። በትክክል ተረጎምኩ። «‹እንሂድ› አለ። ‹ወዴት?› አለ። ‹ወደ ወንዙ› አለ» እያልኩ ተረጎምኩ። ሰው ጥንቅሹን ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያ ላንድሮቨሩ በዓመት አንዴ ብቻ መጣ፣ በኋላም ጭራሽ ቀረ። እርግጥ ዘመኑም ተለወጠ፤ ሌላ መኪና፣ ሌላ ጡሩምባ መጣ፤ ሁሉን በእኔ ማላከክም ትዕቢት ነው። የሰይድን አፍ የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ። ሰርግ ላይ፣ ገበያ ላይ ሰዎች «ሰይድ፣ እስቲ ያንን የጎሬላውን» ሲሉት «ኧረ እኔ እንግሊዝኛ አልችልም» ይል ነበር። ሳይቆጣ፣ እንደ ዋዛ። እኔን ባገኘኝ ቁጥር ሰላምታ ከልክሎኝ አያውቅም፤ «ታዴ፣ እንዴት አደርህ» ይለኛል፤ የከበደኝም ይኸው ነው። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ሱሪ ማሰፋት ሲያምረኝ ሮቢት ድረስ በአውቶቡስ እሄድ ነበር፤ የሮቢቱ ሰፊ ደግሞ አንዱን እግር ያሳጥርብኛል። ያንን እያነከስኩ ለብሼ በሰይድ በረንዳ በኩል አልፋለሁ፤ እሱ ከስፌቱ ቀና አይልም። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ «አፉ በለኝ» ልለው ወጥቼ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ከዚያ ልጆች መጡ፣ ልጆች ሄዱ፤ ጦርነት መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ፤ ቀብር በዛ። ሰው አድራሻውን የሚያውቀው ጥፋት ሲኖረው ነገ እሄዳለሁ እያለ ያረጃል።

ያን ቀን ጭሱን ስስብ የሱቁ ባለቤት ወጣች። ዘይነባ ናት፤ የሰይድ ልጅ። ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምሬያታለሁ። በዚያ ሱቅ በር ሳልፍ ስንት ዓመት አንገቴን ደፍቼ ነው፤ ያን ቀን መብራት ባይጠፋ ኖሮም አልቆምም ነበር።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ስፈልግዎት ነበር» አለች ስልኬን እየተቀበለች። «አባባ ይጠይቅዎታል።»

«ደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ። ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው። አሁን ደግሞ እህል እምቢ ብሏል። ጂዳ ያለው ወንድሜ ‹ምን ልላክልህ?› ቢለው፣ ‹የጫካውን ፊልም› አለ። ከኢንተርኔት አውርዶ ላከለት። ድምፁን ይሰማና ‹ምን እያሉ ነው?› ይለኛል። እኔ እንግሊዝኛው የት አለኝ? እርስዎ ነበሩ ያስተማሩኝ፣ አይቀየሙኝ።» ሳቀች፤ ወዲያው ግን ተወችው። «‹ታደሰን ጥሪው› አለ፤ ‹እንግሊዝኛ የሚችለው እሱ ነው› አለኝ።»

ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። ከበረንዳው ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ቀን ጉልበቴን አሳበብኩ፣ በሁለተኛው ፀሐዩን። በሦስተኛው ሌሊት ከጎረቤት ለቅሶ ሰምቼ ሰይድ የሞተ መስሎኝ በላብ ተጠመቅሁ፤ ሌላ ሰው ነበር፤ አላህ ይማረውና፣ ደስ አለኝ። ሲነጋ አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ።

የክፍሉ በር ላይ አሮጌ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ላልፍ ገልጬው ስፌቱን እጄ አገኘው። መሐል ለመሐል የሚሄድ፣ ጥብቅ ያለ ስፌት ነው። ቢጫ ሆኗል አቡጀዲው፤ ባለ ሲኒማው መጨረሻ ላይ ጥሎት ሄዶ ይሆናል። ሰይድ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል። ያ ትከሻ የት ገባ? ከብርድ ልብሱ ሥር የተኛ ሰው ያለ አይመስልም።

«ማነው?»

«ታደሰ ነኝ።»

«ታዴ! ግባ፣ ግባ። አብሽር፣ ተቀመጥ። ሱሪህ አሁን እግሩ ተስተካከለ?»

ያየ ነበር ማለት ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ያየ ነበር። ወንበሩን ሳብኩ። ያዘጋጀሁትን ቃል ሁሉ መንገድ ላይ ጥዬው መጥቻለሁ። «ሰይድ፣ እኔ… አፉ በለኝ፣ ያን ማታ…» ስል ዘይነባ ስልኳን ይዛ ገባች፤ ፊልሙን ከፍታዋለች። እሱም እጁን አወዛወዘ። «ዝም በል፣ ፊልም እየሰማሁ ነው።»

ያው ፊልም ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። የጫካ ቀልድ ሁሉ አንድ ነው፤ ድስት ያልተጣደበት የለም። ከበሮው ሲጀምር መነጽሬን ጠርጌ አየሁ። ቀለም የተቀቡት ሰዎች ይዘላሉ። በወጣትነቴ ያላየሁትን አሁን አየሁት፤ ከእነሱ አንዱ፣ ጦር የያዘ ሽማግሌ፣ ደክሞታል። ለቀን ሥራ ተቀጥሮ፣ ዝለል ተብሎ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘል የዋለ፣ መቼ እንደሚለቁት የሚጠብቅ ሰው ነው። ሰው በላ የሚባለው እሱ ነው። ረጅሙ ፈረንጅ ድስቱ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል፤ ቃል በቃል ሰምቼዋለሁ። «ለራት ልንቀርብ ነው!» ነው የሚለው።

«ምን እያሉ ነው?» አለ ሰይድ።

ዘይነባ አየችኝ። አቡጀዲውን አየሁ፤ ስፌቱን።

«እንግዳ መጣ፣ እያሉ ነው» አልኩ።

ሰይድ ፊቱን ወደኔ መለሰ። «ከየት?»

«ከቆቦ። የአጎት ልጆች ናቸው። ግመል ጠፍታባቸው ነው።»

«ተገኘች?»

«አልተገኘችም። መንገዱ ጎዳቸው። እነዚህ ደጋግ ሰዎች ውኃ አሙቀው ገላቸውን እያጠቧቸው ነው።»

«ከነልብሳቸው?»

«ከነልብሳቸው። አንድ ላይ ይታጠብ ብለው ነው።»

መጀመሪያ የሰማሁት ሳል መሰለኝ። ሳቅ ነበር። ደረቱ ከሥር ከሥር ይንቀጠቀጣል፤ ከዓይኑ ጥግ ውኃ ወረደ። ዘይነባ ልታቀናው ተጠጋችና ቀስ ብላ «ጋሼ፣ እውነት እንደሱ ነው የሚለው?» አለችኝ።

«እንደሱ ነው» አልኳት።

ሰይድ እጁን ዘርግቶ ዳበሰ፤ ጉልበቴን አገኘ፤ በሁለት ጣቱ የሱሪዬን ስፌት እየተከተለ እስከ ኪሴ ወጣ። ከዚያ እጄን ያዘኝ።

«ታዴ» አለ፣ «አሁን ገና እንግሊዝኛ አወቅህ።»